ወራጅ አለ ያልክበት በር

ጴጤ፣

የሆስፒታሉ በር ላይ ባጃጁን አስቁመህ «ወራጅ አለ» ያልክ ዕለት፣ እንዳትወርድ ያደረግኩህ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጃችን ለምሕረት አልነገርኳትም። ለእህትህ ለአስቴርም አልነገርኳትም። በጸሎት ጊዜ እንኳ «አንተ የምታውቀውን» እያልኩ በደፈናው አልፈዋለሁ። አንተ ግን ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጠህ ነበርና ደብዳቤዬን ከሌላ ነገር ብጀምር ትስቅብኛለህ።

ከተለያየን አራተኛው ክረምት ገብቷል። እጄ ለመጻፍ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ዓይኔም መነጽር ለምዷል። ሐዋሳ አዲስ ከተማ ያለው ቤታችን ያው ነው፤ አጥሩ ብቻ ተቀይሯል። መንገዱን ሲያሰፉ ወደ ውስጥ ገፉት፤ ሚኒባስህን ታቆምባት የነበረችው ቦታ አሁን የእግረኛ መንገድ ናት። ዘይት የጠጣውን አፈር ዝቀው ወስደው ንጣፍ አነጠፉበት። አንተ ብትኖር ኖሮ ከሠራተኞቹ ጋር ስትከራከር ትውል ነበር፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁና ገባሁ። አቮካዶው ግን ተርፏል። ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ሰፈሩ ሁሉ በላ።

ምሕረት ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች። እንዳንተው ሰው ገና በር ሲገባ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደደከመው ታውቃለች። አንዳንድ እሑድ ወደ ዓሣ ገበያው ይዛኝ ትወርዳለች። እነዚያ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ወፎች ዛሬም ክንፋቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ «ተራ አስከባሪ ይመስላሉ፤ ምንም ሳይሠሩ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ» ትል እንደነበር እነግራታለሁ፤ ሺህ ጊዜ የሰማችውን እንደ አዲስ ትስቅልኛለች። ሚኒባስህን የገዛው የሻሸመኔ ሰው ቀለሟን አልቀየረም። ከኋላዋ ያስጻፍከው «ቀስ ካሉ ይደረሳል» ተልጦ «ይደረሳል» የሚለው ብቻ ቀርቷል። መንገድ ላይ ስትገጥመኝ ፊቴን አዞራለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ግን ወሬ ልነግርህ ብዬ አይደለም። እህትህ አስቱ ታማለች።

ከግራ ጡቷ ሥር እብጠት አግኝታለች። ሐኪሙ ዳስሶ ናሙና መወሰድ አለበት ብሏታል። እሷ ግን ሐኪሙን ትታ በየጠዋቱ መሃል ከተማ ትወጣለች፤ አንተ ለወገብህ ትተኛበት ወደነበረው የሙቀት አልጋ ቤት። «ምን ይጎዳል? አልጋ እኮ ነው፤ ቢላ አይደል» ትላለች። እዚያ የወሰዳት ማስታወቂያ አይደለም፤ የኔ ቃል ነው። አንተ የምታውቀውን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ለምን እንደምተርክልህ መጨረሻው ላይ ይገባሃል።

ወገብህ መታመም የጀመረ ጊዜ ማናችንም አልደነገጥንም። ሐዋሳና ሻሸመኔ ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ወገቡን ቢያመው ምን ይገርማል? «የወንበሩ ነው» አልክ፤ እኔም «የወንበሩ ነው» አልኩ። ወንበሩን በስፖንጅ አስደረብከው። ቀጥሎ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስህ ጀመር። ስትተኛም ስትቆምም የማይለቅ ሆነ። ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ የምሕረት እኩያ ትመስላለች፤ ብዙ ጠየቀችህ፤ ሽንትህን ሁሉ ጠየቀችህ፤ አንተም አፍረህ ጣሪያውን እያየህ መለስክላት። «የወንበር ሕመም ሲያርፉ ይቀላል» አለች። «ይሄ ሲያርፉም የማይተው ነው። ሆስፒታል ሄደው ደምዎን ይመርመሩ፤ ወገብዎም ይታይ። አይዘግዩ።» ስንወጣ «እሷ መንጃ ፈቃድ አላት? አንዴ ሻሸመኔ ደርሳ ትመለስና የወንበር ይሁን አይሁን ትንገረኝ» ብለህ አሳቅከኝ። ግን ልትሄድ ወስነህ ነበር። እንደወሰንክ አውቃለሁ፤ ሸሚዝህን አሳጥበህ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነው ያቺን ቀጭን መጽሔት ይዘህልኝ የመጣኸው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያነበብኩት በአንተ ሚኒባስ ነው። ተሳፋሪ የረሳውን ሁሉ ትሰበስብልኝ ነበር፤ የተማሪ ደብተር የሚያህል ልብ ወለድ፣ ግማሽ ጋዜጣ፣ ሽፋን የሌለው የታሪክ መጽሐፍ። ባለቤቱ ይመለሳል ብለህ ሁለት ሳምንት ታቆየውና «እንግዲህ ያንቺ ሆኗል» ትለኝ ነበር። ብዙዎቹ መጨረሻቸው የተቀደደ ነበር። ማታ ራት ላይ «ልጅቷ ምን ሆነች?» ስትለኝ ያላነበብኩትን መጨረሻ ራሴ ሠርቼ እነግርህ ነበር። አስታረቅኳቸው፣ አጋባኋቸው፣ የጠፋውን አገኘሁት። አንተም «ጥሩ ሆነ» ትልና ትተኛለህ። ያን ጊዜ ምንም ክፋት አልነበረውም።

ያቺ መጽሔት ግን ሽፋኗም መጨረሻዋም ሙሉ ነበር። ወረቀቷ ያብረቀርቃል። ስለ ሙቀት አልጋው ነው የምታወራው፤ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ቢላ፣ ያለ ሕመም ያድናል ትላለች። ያድናል የምትላቸው በሽታዎች አንድ ገጽ ሞልተው ወደ ሌላው ይፈሳሉ፤ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ወገብ። እኔ የታተመ ነገር ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር። ፊደል በስንት መከራ የገባው ሰው ፊደልን ያከብራል። ዛሬ ያን ያህል በሽታ በአንድ ነገር ይድናል የሚል ሲገጥመኝ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር እፈራለሁ። ያን ጊዜ በረዘመ ቁጥር አመንኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩልህ። «እስቲ መጀመሪያ ይህን እንሞክር» አልኩህ። «ለመሞከር በነጻ ነው፤ ምን ይጎዳል?»

መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህ «ምን ይጎዳል» የሚሉት ቃል አስቱ አፍ ውስጥ የገባው ከኔ ነው።

ቤቱን ታስታውሳለህ፤ ፎቁ ላይ፣ ከጫማ ቤቱ በላይ። ጠዋት በጊዜ ተራ ይዘን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ንጹሕ ካልሲ አድርገን እንገባለን። ነጭ አንሶላ የለበሱ አልጋዎች በሰልፍ ተደርድረዋል። ትተኛለህ፤ ከሥር አልጋው ይሞቃል፤ ከውስጡ ድንጋይ የመሰለ ነገር ከማጅራትህ እስከ ወገብህ ቀስ እያለ ይንከባለላል። መጀመሪያ ቀን ስትነሣ ፊትህ ፈክቶ ነበር። ሠራተኞቹም ደጎች ነበሩ፤ ጤና ጣቢያ «ቀጣይ!» ስንባል የኖርን ሰዎች እዚያ «እንደምን አደራችሁ እናቶች፣ አባቶች» ተብለን ተቀበሉን። በስማችን ይጠሩናል። ስንቀር ደውለው ይጠይቃሉ። ሰው ሰው የሚሸት ቤት ነበር። ወደዚያ የሚሄደውን ሰው ሞኝ የሚሉ አሉ፤ እኔ ሞኝ አልለውም። የሚያከብረውን ቤት ፈልጎ ነው የሚሄደው።

ልማድም ነበራቸው። አንዱ ቡድን ሲነሣ ሌላው ሲተካ፣ ማይክ የያዘችው ወጣት መሃል ቆማ «ዛሬ ለውጥ ያየ ማነው?» ትላለች። አንዱ ይነሣል፤ ጉልበቴ ተፈታልኝ ይላል፤ ሌላዋ እንቅልፌ ተመለሰ ትላለች፤ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። እኔና አንተ ደግሞ በምስክርነት ያደግን ሰዎች ነን። በጉባኤ መሃል ተነሥቶ «ድኛለሁ» ያለን ሰው ማስረጃህ የታለ አንልም፤ እልል እንላለን። ሕመሙ ገና ሳይለቀው ቃሉን አስቀድሞ የሚናገርም አለ፤ በእምነት ነው፤ ቃሉ ይቀድማል፣ ፈውሱ ይከተላል። ይህን አልነቅፍም፤ ከአባቶቼ የወረስኩት ነው። ያጠፋሁት፣ እግዚአብሔር ፊት የሚነገረውን ቃል ወስጄ አልጋ ፊት መናገሬ ነው።

እኔ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ተነሥቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ታውቃለህ፤ ስሜን ለመናገር እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ያን ቀን ግን አንተ ሌሊቱን ሳትነቃ አድረህ፣ የጫማህን ክር ራስህ ጎንበስ ብለህ አስረህ ነበር። ደስታዬ ልክ አጣ። ልጅቷ ማይኩን ወደኔ ዘርግታ «እናቴ፣ እርስዎ ዛሬ ፊትዎ በርቷል፤ ይንገሩን» አለችኝ። ተነሣሁ። «ባሌ ሌሊቱን ደህና አደረ» ብል እውነት ነበር። ያን ያህል ብቻ ብልና ብቀመጥ ዛሬ ይህን ወረቀት አልጽፍም ነበር። «ባሌ ድኗል» አልኩ። «ሆስፒታል ሂድ ተብሎ ነበር፤ ሆስፒታል ሳያየው ድኗል።» መጨረሻው ያልተነበበ መጽሐፍ ነበርክ፤ መጨረሻህን ሠራሁልህ።

ቤቱ አጨበጨበ። አስቱም በዚያ ቀን አብራን ነበረች፤ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኝ ነበር። ዞሬ አየሁህ። አንተም ከተኛህበት ታጨበጭብልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ያንተ ዝምታ ነው። ቪዲዮው ሰፈር አልቀረም፣ መነኸሪያ አልቀረም። ጓደኞችህ «አለቃ፣ ሞተር አስወረድክ አሉ! ለኛም ጋራዡን አሳየን» እያሉ ይተርቡሃል፤ አንተም ወገብህን ቀጥ አድርገህ ትስቃለህ። ቤት ስትገባ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትቀመጠው። «አመመህ?» ስልህ «አይ፣ ደክሞኝ ነው» ትለኛለህ። ሱሪህ ሲሰፋብህ ቀበቶህን በሚስማር በሳኸው። ሳላይ ቀርቼ አይደለም። አይቼ «አልጋው ውስጡን እያጠራው ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንደዚያ የሚል ነገር መጽሔቷ ላይ ነበር። ከእናትህ ጋር የምታወራው በሲዳምኛ ነበር። ሲብስብህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ በሲዳምኛ ታንሾካሹክ ጀመር። እኔ የከምባታ ልጅ፣ ሌላውን ባልሰማም ያቺን አንዷን ቃል፣ «አመመኝ» የምትለዋን፣ ለይቻታለሁ። ዛሬ ገበያ ላይ አንዲት እናት ስታወጣት ብሰማ ዞር እላለሁ።

ከዚያ ባጃጁ መጣ። ከተራችን እንዳንዘገይ ከቤት ተኮናትረን ወጣን። አንተ ባለሙያ ሹፌር፣ ከኋላ ተቀምጠህ በየጉድጓዱ ጥርስህን ትነክሳለህ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ በእጅህ የሹፌሩን ወንበር መታ መታ አደረግክና፣ በዚያ ዕድሜህን ሙሉ ከተሳፋሪ በሰማኸው ድምፅ፣ «ወራጅ አለ» አልክ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት «ፋዘር፣ እዚህ እኮ አይደለም የተባባልነው» አለህ። አንተ እኔን አየኸኝ። «ዛሬ እዚህ እንግባ» አልከኝ። አላዘዝከኝም፤ ለመንከኝ።

እኔም ያልኩህን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «ሰው ምን ይላል? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተናገርኩትን ልታስውጠኝ ነው? የጀመርነውን እንጨርስና እንመጣለን፤ ምን ይጎዳል?»

ወገብህን አላሰብኩም። የመነኸሪያውን ሳቅ፣ የጎረቤቱን ዓይን፣ ማይክ የያዘችውን ልጅ ነው ያሰብኩት። ያፈርኩት በአንድ ቃሌ ነው፤ በሕይወቴ ሙሉ ጮክ ብዬ በተናገርኩት በአንድ ቃል። አንተም የበሩን ብረት ስታይ ቆየህ፤ ዘበኛው ግቡ ወይም ሂዱ እያለ እጁን ያውለበልባል። ከዚያ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አድርገህ «በል ንዳው» አልከው፤ «ወራጁ ሐሳቡን ቀይሯል።»

ወራጁ ሐሳቡን አልቀየረም ነበር።

ቀሪውን አስቱም ታውቀዋለች፤ ባጃጁን ብቻ አታውቅም። አንድ ጠዋት ከአልጋው ስትነሣ እግሮችህ አልታዘዝ አሉህ። ያ ሁሉ ሠራተኛ በፍራሽ ተሸክሞ አወረደህ፤ ካልሲህን እንዳደረግክ ሆስፒታል ገባህ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ከፕሮስቴትህ ተነሥቶ አከርካሪህ ውስጥ ገብቷል አሉን። ሐኪሙ መቼ እንደጀመረህ ሲጠይቅህ እኔን እያየህ «በቅርብ ነው» አልከው። አስቱ «ወንድሜ፣ እንዲህ እያመመህ ለምን አልነገርከንም?» ብላ ስታለቅስ «አላመመኝም ነበር እኮ» አልካት። እስከ መጨረሻው ጥፋቴን ሸፈንክልኝ። ያን ቀን ልናገር ይገባኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን ለብቻው ይዤ ጠየቅኩት፤ ቀድመን ብንመጣስ ኖሮ? ሰውዬው መልካም ሰው ነው፤ መልሱን መጠነልኝ። «ይድን ነበር ብዬ አልምልልዎትም» አለኝ። «እግሩን ግን ልናተርፍለት እንችል ነበር። ስቃዩንም እንቀንስ ነበር።» አንዳንዴ የቃሉን የመጀመሪያ ግማሽ ይዤ እጽናናለሁ፤ ይድን ነበር ብሎ መማል የቻለ የለም። ከዚያ የራሴ ጉልበት ከወንበር ሲያነሣኝ ሁለተኛው ግማሽ ትዝ ይለኛል። በእግርህ ልትሄድ ትችል ነበር። ሰው በእግሩ ሄዶ ቢሞት የተለየ ነገር ነው። የአቮካዶው ጥላ ድረስ እንኳ።

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ አስቱ ደረቷን እየደቃች «አልጋው ላይ እያለ ደህና ነበር! መርፌ ወግተው ነው የጨረሱት!» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የደፋሁት ከኀዘን መስሏቸው፣ ከስምምነትም መስሏቸው፣ ወሬው በዚያው ጸደቀ። ጴጥሮስን መርፌ ገደለው ተባለ። ያ ወሬ ለኔ መሸሸጊያ ሆኖኝ እነሆ አራት ክረምት ከዝናብ ተጠለልኩበት። አሁን እህትህ ከነእብጠቷ መጥታ እዚያው ሥር ገብታለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጣች። ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ የአልጋ ቤቱ ካልሲዋ ርሶ አውልቃ ከሰሉ አጠገብ ወንበር ላይ ሰቀለችው። እንደ ሁልጊዜዋ ትቀልዳለች። «እትዬ፣ አንቺ ቤት እኮ ካልሲ ብቻ ነው የሚደርቀው፤ ሰው ይበሰብሳል፤ ይህን ጣሪያ አሠሪ» አለችኝ። ጥቂት እህል ቀመስንና «አስቱ፣ ናሙናውን ስጪ እባክሽ» አልኳት። ሳቋ ጠፋ። «አንቺም ደግሞ! ወንድሜን ወግተው ገድለውት እኔን ልታስረክቢያቸው ነው? ቢላ የነካው ይበተናል። ደግሞ እዚያኛው ቤት ጫማ ነው የሚያስወልቁኝ፤ ሆስፒታሉ ጡቴን ገልጦ ለተማሪ ሁሉ ያስጎበኛል።» «አልጋው ግን...» አልኩ። «አልጋው ምን? አልጋው ምን ይጎዳል? ይኸው አንቺ ራስሽ!» አለችና ስልኳን አወጣች።

ቪዲዮውን ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም ነበር፤ አስቱ ግን ስልክ በቀየረች ቁጥር ይዛው ትዞራለች፤ አንተ ያለህበት ነዋ። ሻሼ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ ዓይኔ በርቶ፣ የማላውቃት ሴት መስዬ እናገራለሁ። «ባሌ ድኗል።» ከትከሻዬ ኋላ አንተ አለህ። ያን ቀን ዞር ብዬ ያየሁህ ስታጨበጭብ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አላየሁም ነበር። ቪዲዮው ያሳያል። «ድኗል» ስል ትንፋሽህን ትይዛለህ። አንድ እጅህን ወደ ወገብህ ትልካለህ። ከዚያ በክርንህ ተደግፈህ፣ ፊትህ ተጨማድዶ፣ ቀና ትላለህ፤ ቀና ያልከው እኔ ዞር ስል ስታጨበጭብ እንዳገኝህ ነው።

«ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። ናፍቄህ የማለቅስ መስሏት አቀፈችኝ።

ጴጤ፣ እህትህን አቅፌ ዝም አልኩ። እንደገና። እንደ ልቅሶው ድንኳን።

አልጋው ይጎዳል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እንዲህ እለው ነበር። አልጋው ራሱ አልጎዳህም። ሙቀት ነው፤ ወገብህን አሞቀልህ፤ አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ሰጠህ፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። አስቱንም ቢያሞቃት አልከለክላትም፤ ሐኪሟን ጠይቃ፣ ከሕክምናዋ ጎን ትተኛበት። አንተን የጎዳህ ሌላ ነው። አልጋው ላይ በተኛህበት ጊዜ ሁሉ ሌላ ቦታ መሆን ነበረብህ፤ ሕመምህም አብሮህ አልተኛም፤ ይሠራ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ምንም አይጎዳም ያልነው ነገር ምስክር ጠየቀን፤ መሰከርንለት፤ ከመሰከርን በኋላ መታመም ነውር ሆነብህ። ዋጋው በነጻ የተባለ ነገር ሕመምህን የመናገር መብትህን ወሰደ። ሻይ ቅጠሉም፣ ዘይቱም፣ አልጋውም ምን ይጎዳል ሲሉኝ ከእንግዲህ መልሴ አንድ ነው፤ ከየትኛው በር ነው የመለሰህ?

ደክሞኛል፤ ቢሆንም ይህን እስክጨርስ አልተኛም። ከእንግዲህ ስለ አንተ ሲነሣ «ሳያመው ኖረ» ብዬ አልናገርም። ድነህ አላስታውስህም። ግድግዳ ይዘህ ስትቀመጥ፣ ቀበቶህን በሚስማር ስትበሳ፣ በክርንህ ተደግፈህ ስታጨበጭብልኝ፣ በዚያ በር ላይ በደከመ ቀልድህ ስትለምነኝ፣ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ። ቃልህን በሰው ፊት ላንተ እመልስልሃለሁ፤ ሻሼን አስተካክዬ፣ በማይክም ቢሆን።

አስቱ ስትሄድ ካልሲዋን ወንበሩ ላይ ረሳችው። ከመንገድ ደወለችልኝ፤ «ጠዋት አልፌ እወስደዋለሁ፤ ያለ ካልሲ አያስተኙኝም» አለች። ደርቋል። አጥፌ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ጠዋት በሩን ስታንኳኳ ካልሲውን አልሰጣትም። ምናልባት ትጮህብኛለች፤ ምናልባት ዳግመኛ እትዬ ብላ አትጠራኝም፤ ወንድሟ ነህና መብቷ ነው። ባጃጅ በር ላይ አቆማለሁ። ከፈቀደችልኝ አብሬያት እቀመጥና የሆስፒታሉ በር ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» የምለው እኔ ነኝ።

በስምህ የጻፍኩት ይህ ወረቀት ግን ላንተ አይደርስም፤ አንተማ ሁሉን ታውቃለህ። ጠዋት በካልሲው ፈንታ በእህትህ በአስቴር እጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ።